ስኳር የሌለበትን መለካት፦ ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጦች ከፋብሪካ በር እስከ ሰኮሩ

ለስላሳ መጠጥ ጭኖ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚጓዝ መኪና ወልቂጤን ካለፈ በኋላ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ሞቃታማ የጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ሰኮሩ ይወጣል። ከጭነቱ መካከል «ስኳር አልባ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ጠርሙሶች ቢኖሩ፣ ጉዞው ለእነርሱና ለመደበኛዎቹ እኩል አይደለም። በመደበኛው መጠጥ ውስጥ ያለው ስኳር በአሲዱና በሙቀቱ የተነሣ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ቢከፈል እንኳ መጠጡ ጣፋጭ እንደሆነ ይቆያል። በብዙ ስኳር አልባ መጠጦች ውስጥ የሚገኘው አስፓርቴም ግን ሲፈርስ ጣፋጭነቱም አብሮት ይጠፋል። ስለሆነም ፋብሪካው በር ላይ የተሰጠ የጥራት ማረጋገጫ በሰኮሩ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ስላለው ጠርሙስ የሚናገረው ከፊሉን ብቻ ነው። የቀረውን ክፍል በቤተ ሙከራ እንዴት ማወቅ እንደሚቻል፣ ጉድለት ሲገኝም ምንጩ ፋብሪካው ይሁን መንገዱ እንዴት እንደሚለይ ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ጥያቄው የጣዕም ብቻ አይደለም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የስኳር ሕመም ክትትል ከሚያደርጉት መካከል ብዙዎቹ ከዙሪያው ወረዳዎች የሚመጡ ናቸው። የቡናውን ስኳር መተው ለእነርሱ በእጃቸው ያለ ጉዳይ ነው፤ በሠርግም ሆነ በእንግድነት ለስላሳ ሲቀርብ ግን መተማመኛቸው በጠርሙሱ ላይ የተጻፉት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው። ግማሽ ሊትር የሚይዝ መደበኛ ኮላ ከ50 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሚደረግ ቁጥጥርም ሆነ የፋብሪካው የራሱ ቁጥጥር ከዚህ ሰው አንጻር ሲታይ የሚመዘነው ጠርሙሱ በተከፈተበት ቦታና ሰዓት ነው።

ብሪክስ በማይሠራበት ጊዜ

የመደበኛ ለስላሳ መጠጥ የጥራት ቁጥጥር በአንድ ቁጥር ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሪፍራክቶሜትር ወይም የእፍጋት መለኪያ ከ10 እስከ 12 ብሪክስ ካነበበ ሽሮፑና ውሃው በትክክል እንደተቀላቀሉ ይታወቃል። መሣሪያው ርካሽና ፈጣን ነው፤ የማርና የፍራፍሬ ጥራት በሚመረመርባቸው የግብርና ቤተ ሙከራዎችም የተለመደ ነው።

ስኳሩ ሲወጣ ይህ ቁጥር አብሮት ይወጣል። አስፓርቴም ከስኳር 200 ጊዜ ያህል ስለሚጣፍጥ በአንድ ሊትር ውስጥ የ100 ግራም ስኳርን ቦታ ግማሽ ግራም ይተካዋል። ይህ መጠን የብርሃኑን ስብረትም ሆነ የፈሳሹን እፍጋት የሚለውጠው እጅግ በጥቂቱ ነው። መሣሪያው የሚያሳየው ከዜሮ ብዙ ያልራቀ ንባብ በአብዛኛው የአሲዱና የጨዎቹ ነው፤ ማጣፈጫው ግማሽ ቢሆን ወይም እጥፍ ቢሆን ንባቡ ያው ነው ማለት ይቻላል። በሌላ አነጋገር ሪፍራክቶሜትር በስኳር አልባ መጠጥ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይነግራል፦ መደበኛው መጠጥ በስሕተት በስኳር አልባ ጠርሙስ አለመሞላቱን። ይህም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ አንድ የምርት መስመር ሁለቱንም ዓይነት በየተራ በሚሞላበት ቦታ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነውና።

የሽሮፑን ምጣኔ ለማወቅ ግን ሌሎች ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። በቲትሬሽን የሚለካው አሲድነት ዋነኛው ነው፤ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትና የአልትራቫዮሌት ብርሃን ምጠት ያግዙታል። በዚህ ሥራ ተማሪዎችን ደጋግሞ የሚያሳስተው ጋዙ ነው። በመጠጡ ውስጥ የሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ አሲድ ሆኖ ስለሚቆጠር ናሙናው አስቀድሞ ከጋዝ መጽዳት አለበት። ለማጽዳት ብሎ ማፍላት አይገባም፤ ማፍላት ውሃውን ያተናል፣ አስፓርቴሙንም ያፈርሳል። በአልትራሳውንድ መታጠቢያ ወይም በቀዝቃዛው ደጋግሞ በማወዛወዝ ማጽዳት ይበቃል።

«አልተገኘም» እና «አልተፈለገም»

ማጣፈጫዎቹን በስማቸው ለይቶ የሚለካው የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ነው። ከጋዝ የጸዳው ናሙና በ0.45 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ ይጣራል፤ ከዚያም በሲ18 ኮለም ውስጥ ከፎስፌት በፈርና ከአሴቶናይትራይል ጋር ያልፋል። አሲሰልፌም ፖታሲየም፣ ሳካሪን፣ አስፓርቴም፣ ካፌይንና ቤንዞኤት በአንድ ሩጫ ተለይተው ሊታዩ ይችላሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ጥራት ቤተ ሙከራ በመድኃኒቶች ላይ የሚሠራበት ሙያ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የሚለወጠው ናሙናውና መለኪያ ስታንዳርዱ ነው።

እዚህ ላይ ግን ቸል ሊባል የማይገባ ወጥመድ አለ። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የተገጠመላቸው ዲቴክተር አልትራቫዮሌት ነው። ሱክራሎዝ ይህንን ብርሃን በበቂ ሁኔታ አይመጥም፤ ሳይክላሜትም እንደዚሁ። ሱክራሎዝን ለማየት የብርሃን ስብረት ወይም የትነት ብርሃን ብተና ዲቴክተር፣ ወይም ማስ ስፔክትሮሜትር ያስፈልጋል፤ ሳይክላሜት ደግሞ አስቀድሞ በኬሚካል ወደሚታይ ውሁድ መለወጥ አለበት። በአውሮፓ ደረጃዎች አሲሰልፌም፣ አስፓርቴምና ሳካሪን በአንድ ሰነድ፣ ሳይክላሜት ግን በሌላ የተቀመጡትም ሳይክላሜት የራሱን ዘዴ ስለሚፈልግ ነው። በአልትራቫዮሌት ብቻ የሠራ ተመራማሪ በውጤት ሠንጠረዡ ላይ «ሱክራሎዝ፦ አልተገኘም» ብሎ ቢጽፍ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ሰው የለም» እንዳለ ይቆጠራል። ትክክለኛው አጻጻፍ «አልተመረመረም» ነው። በኮዴክስ አጠቃላይ ደረጃ ለጣዕም መጠጦች የተፈቀደው የአስፓርቴም ጣሪያ በኪሎ ግራም 600 ሚሊ ግራም ነው፤ የእነዚህ ሁለቱ ግን ከዚያ ያነሰ ስለሆነ አለማየቱ የሚያስከትለው ስሕተት ቀላል አይደለም።

ስለ ጣሪያው ከተነሣ፣ በሕዝብ ዘንድ የሚሰማውን ሥጋት በልኩ ማስቀመጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አስፓርቴምን «በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችል ይሆናል» በሚለው 2ቢ ምድብ አስቀመጠ። በዚያው ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ጥምር የባለሙያዎች ኮሚቴ በቀን የሚፈቀደውን መጠን በሰውነት ክብደት ኪሎ 40 ሚሊ ግራም እንደሆነ አጸና። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 2,400 ሚሊ ግራም ነው፤ በጣሪያው ልክ ከተሠራ መጠጥ አራት ሊትር ያህል ማለት ነው። ፌኒልኬቶኑሪያ ላለበት ሰው ግን ስሌቱ አይሠራም፤ አስፓርቴም ፌኒልአላኒን ስለሚለቅ ለእርሱ መለያ ጽሑፉ ራሱ መድኃኒት ያህል ነው።

ጉድለቱ የማን ነው?

አስፓርቴም በውሃ ውስጥ ይበልጥ የሚረጋው በፒኤች 4.3 አካባቢ ሲሆን በዚያ ሁኔታ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ግማሽ ዕድሜው 300 ቀን ይጠጋል። ኮላ ግን ወደ 3 የሚጠጋ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ፒኤች ስላለው መፍረሱ ይፈጥናል፤ በሸራ ሥር የተከመረ ሳጥን ወይም ፀሐይ የሚመታው የሱቅ ደጃፍ ደግሞ ያባብሰዋል። እንግዲህ በሰኮሩ የተገዛ ጠርሙስ ከሚጠበቀው ያነሰ አስፓርቴም ቢገኝበት ሁለት ማብራሪያዎች ይኖራሉ፦ ከመጀመሪያውም ጎድሎ ተሞልቷል፣ ወይም በመንገድና በመደርደሪያ ላይ ፈርሷል። አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የአጓጓዡና የቸርቻሪው ነው። መለኪያው አስፓርቴምን ብቻ ከሆነ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ በዚህ መንገድ የተገኘ ውጤት ይዞ ባለሱቁን መክሰስም አምራቹን መክሰስም አይገባም።

መለያው በዚያው ክሮማቶግራም ውስጥ አለ። ብዙ መጠጦች አስፓርቴምን ከአሲሰልፌም ጋር አጣምረው ይይዛሉ፤ አሲሰልፌም ሙቀትንና አሲድን በሚገባ ይቋቋማል። በመሆኑም የሁለቱ ምጣኔ እንደ ሰዓት ያገለግላል፤ ሽሮፑ ቢቀጥን ሁለቱም አብረው ይቀንሳሉ፣ ምጣኔውም አይለወጥም፤ ሙቀት ቢያገኘው ግን የሚቀንሰው አስፓርቴም ብቻ ነው። ምጣኔው ዝቅ ብሎ ከተገኘ ቀጣዩ ምስክር የመፍረስ ውጤቶቹ ናቸው፤ ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ ዳይኬቶፒፐራዚን፣ አስፓርቲል ፌኒልአላኒንና ፌኒልአላኒን ናቸው። የእነዚህና የቀረው አስፓርቴም ድምር በሞል ሲሰላ ከመነሻው ጋር ከተቀራረበ ጠርሙሱ በትክክል ተሞልቶ በኋላ ተጎድቷል። የመፍረስ ውጤቶቹ ሳይኖሩ ምጣኔው ብቻ ዝቅ ካለ፣ ማጣፈጫው ከጅምሩ ጎድሎ እንደተመዘነ መጠርጠር ይገባል። ለዳይኬቶፒፐራዚን ጥምር ኮሚቴው በኪሎ ክብደት 7.5 ሚሊ ግራም የቀን ጣሪያ ስላስቀመጠለት እርሱን መለካቱ ለደኅንነትም ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ማመሳከሪያ ይፈልጋል። አምራቹ ካስቀመጠው የዚያው ባች ናሙና ጋር ማነጻጸር ከሁሉ ይሻላል። እርሱ ካልተገኘ፣ ያው የባች ቁጥር ያለበትን ጠርሙስ በምርቱ ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ገዝቶ በ4 ዲግሪ ማቆየት ይቻላል። የባች ቁጥሩ ካልተመሳሰለ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም፤ አምራቾች ቅመራቸውን ይለውጣሉና።

ከፍታው የሚያስከፍለው

የጋዝ መጠን የሚለካው ጠርሙሱን ወግቶ ግፊቱንና ሙቀቱን በማንበብ፣ ከዚያም ከሠንጠረዥ ቮልዩሙን በማውጣት ነው። የግፊት ሰዓቱ የሚያነበው ግን በዙሪያው ካለው አየር በላይ ያለውን ልዩነት ነው። በሰኮሩ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት 80 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን በባሕር ጠለል 101 ነው። ያው ጠርሙስ ሰኮሩ ላይ ሲወጋ 20 ኪሎ ፓስካል ያህል ከፍ ያለ ንባብ ይሰጣል፤ ለባሕር ጠለል የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ሳይታረም ከተሠራበት በ20 ዲግሪ ሙቀት 0.17 ቮልዩም ያህል ያልነበረ ጋዝ ይጨመራል። የፕላስቲክ ጠርሙስ በግድግዳው በኩል ጋዝ ስለሚያጣ፣ ይህ ስሕተት የጠፋውን በትክክል ሊሸፍነው ይችላል። እርማቱ አንድ መደመር ብቻ ነው፤ ንባቡ ላይ የአካባቢውን የአየር ግፊት ደምሮ ፍጹም ግፊቱን መያዝ።

በጤና ጣቢያ የሚሠራ ፍተሻ

ክሮማቶግራፍ በሌለበት ቦታ የሚቀረው ጥያቄ ስኳር መኖር አለመኖሩ ነው። በኮዴክስ መመሪያ መሠረት አንድ ፈሳሽ ስኳር አልባ የሚባለው በ100 ሚሊ ሊትር ከ0.5 ግራም ያልበለጠ ስኳር ሲይዝ ነው። የሽንት ግሉኮስ መመርመሪያ ወረቀት ለዚህ ይረዳል፤ ሆኖም በቀጥታ መንከር ያሳስታል። ወረቀቱ የሚያየው ግሉኮስን እንጂ ሱክሮስን አይደለም፤ ስለዚህ በሱክሮስ የተሠራ አዲስ መደበኛ ለስላሳ እንኳ ከያዘው እጅግ ያነሰ ሊያሳይ ይችላል። ናሙናው በጥቂት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በፈላ ውሃ ውስጥ መሞቅ፣ ከቀዘቀዘም በኋላ በቤኪንግ ሶዳ ገለልተኛ መሆን አለበት። ሰኮሩ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የማሞቂያው ጊዜ በባሕር ጠለል ከተጻፈው መርዘም አለበት። ከዚህ በኋላ 0.5 ግራም ሱክሮስ 260 ሚሊ ግራም ያህል ግሉኮስ ይሰጣል፤ በብዙ ወረቀቶች ላይ 250 ተብሎ ከተመለከተው ቀለም ጋር ይቀራረባል ማለት ነው። አሲዱና ሶዳው ያቀጠኑት መጠን መታሰብ አለበት። ቫይታሚን ሲ የተጨመረበት መጠጥ ወረቀቱን ሊያደነዝዘው ስለሚችል የታወቀ ስኳር ጨምሮ ያው ወረቀት መልስ መስጠቱን ማየት ያስፈልጋል፤ የኮላ ቀለምም ንባቡን እንዳያሳስት ቀጥኖ መታየት አለበት።

ለመመረቂያ ጥናት ርእስ ለሚፈልግ ተማሪ መንገዱ ራሱ ንድፍ ይሰጣል። አንድ ባች ተመርጦ በአዲስ አበባ፣ በወልቂጤ፣ በሰኮሩና በጅማ ከጥላ ሥርና ከፀሐይ ላይ ይገዛል፤ በሳጥኑ ውስጥ ትንሽ የሙቀት መዝጋቢ አብሮ ይጓዛል፤ የአስፓርቴምና የአሲሰልፌም ምጣኔም ከመዝጋቢው ንባብ ጋር ይነጻጸራል። ናሙናው በበጋም በክረምትም ሊሰበሰብ ይገባል። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ የባች ቁጥሩ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው፣ የተገዛበት ሰዓትና በመደርደሪያው ላይ የነበረበት ቦታ ከመከፈቱ በፊት መመዝገብ አለባቸው።