ባብል ቲፕ አኔሞኒን በቤት አኳሪየም ማራባት

የኮራል አኳሪየም ያለው ሰው ማታ አንድ የነበረው አኔሞኒ ጠዋት ሁለት ሆኖ ሲያገኘው ደስ ይለዋል። ከደስታው በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ እንስሳው የተከፈለው ተመችቶት፣ ጠግቦና አድጎ ነው ወይስ ተጨንቆ? ሁለቱም ያጋጥማሉ። ተመችቶት የተከፈለ ሁለት ጤነኛ አኔሞኒ ይሆናል። ተጨንቆ የተከፈለ ግን የጭንቀቱ ምክንያት ካልተወገደ ሁለቱም ግማሾች ሊሞቱ ይችላሉ። ይህ መመሪያ አኔሞኒው በራሱ ጊዜ እንዲከፈል የሚያስችለውን ኑሮ እንዴት እንደሚያዘጋጁለትና ሲከፈል እንዴት እንደሚንከባከቡት ያሳያል።

እንስሳውን ይወቁት

አኔሞኒ አበባ ቢመስልም እንስሳ ነው። አጥንትም አንጎልም የለውም። ከታች ከድንጋይ ጋር የሚጣበቅበት እግር፣ ከላይ አፍና በአፉ ዙሪያ የሚናደፉ መዳሰሻዎች አሉት። ምግብ የሚገባውም ሆነ ቆሻሻ የሚወጣው በዚያው በአንድ አፍ ነው። በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ከብርሃን ምግብ እየሠሩ ያካፍሉታል።

ለቤት አኳሪየም በብዛት የሚመረጠው ባብል ቲፕ አኔሞኒ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኤንታክሜያ ኳድሪከለር ይባላል። የትውልድ ቦታው ከቀይ ባሕር ጀምሮ በሕንድ ውቅያኖስ አልፎ እስከ ምዕራብ ፓስፊክ ይዘልቃል። በቀይ ባሕር ሁለት ነጭ መቀነት ያለው ክላውንፊሽ በመዳሰሻዎቹ መካከል ይኖራል። ዓሣው ከጠላት ይጠለላል፤ ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ ደግሞ ለአኔሞኒው አልጌዎች ምግብ ይሆናል። ክላውንፊሽ ያለበት አኔሞኒ ከሌለበት የተሻለ ያድጋል።

የሚራባባቸው መንገዶች

ባብል ቲፕ አኔሞኒ በሁለት መንገድ ይራባል።

አንደኛው ኢጾታዊ ርቢ ነው። እንስሳው እግሩን በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይወጥራል፤ አፉ ይረዝማል፤ ከዚያም ሰውነቱ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ሥራው በጥቂት ሰዓታት ሊያልቅ ወይም ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድ ይችላል። ከአንድ አምቾ የሚበቅሉ የእንሰት ችግኞች የእናታቸውን ዓይነት እንደሚይዙ ሁሉ፣ ከመከፈል የሚገኙ አኔሞኒዎችም በዘረመል አንድ ናቸው። ቀለማቸውም ጾታቸውም አንድ ነው።

ሁለተኛው ጾታዊ ርቢ ነው። በዚህ ዝርያ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ናቸው፤ ወንዱ ስፐርሙን፣ ሴቷ እንቁላሏን ወደ ውሃው ይለቃሉ። ከተዳቀለው እንቁላል የሚወጣው እጭ እየዋኘ ቆይቶ ድንጋይ ላይ ያርፋል። በምሥራቅ አውስትራሊያ ሶሊተሪ ደሴቶች አካባቢ ይህ የሚሆነው በበጋው ማብቂያና በመጸው፣ በሙሉ ጨረቃ አካባቢ ባሉ ሌሊቶች እንደሆነ ተመዝግቧል።

በቤት አኳሪየም የሚሳካው የመጀመሪያው መንገድ ነው። አኔሞኒዎችዎ ሁሉ ከአንድ እናት የተከፈሉ ከሆነ ሁሉም ወንድ ወይም ሁሉም ሴት ስለሆኑ እርስ በርስ ሊዳቀሉ አይችሉም። ሁለቱም ጾታዎች ቢኖሩ እንኳ እጮቹን ፓምፕና ማጣሪያ ይፈጃቸዋል።

ደረጃ 1፦ ውሃውን ያርጉ

አዲስ በተሞላ አኳሪየም ውስጥ አኔሞኒ አያስገቡ። ቢያንስ 6 ወር ይጠብቁ፤ ቆሻሻ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ መደላደል አለባቸው። ልኮቹ እነዚህ ናቸው፦

– ሙቀት፦ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ
– አንጻራዊ እፍግታ፦ ከ1.025 እስከ 1.026፤ ይህም በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ማለት ነው
– ፒኤች፦ ከ8.1 እስከ 8.4
– አልካሊኒቲ፦ ከ8 እስከ 10 ዲኬኤች
– አሞኒያና ናይትራይት፦ ዜሮ
– ናይትሬት፦ በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም

ከእያንዳንዱ ቁጥር በላይ የሚያስፈልገው አለመዋዠቅ ነው። ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለውን በየቀኑ ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ይሙሉ። የታመመ ዓሣ ቢኖር መዳብ ያለበትን መድኃኒት በዚህ አኳሪየም ውስጥ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ አኔሞኒን ይገድላል።

ደረጃ 2፦ ጤነኛ እንስሳ ይምረጡ

ሲገዙ አፉን ይመልከቱ፤ መዘጋት አለበት። መዳሰሻዎቹ የሚጣበቁ፣ እግሩ ያልተቀደደ ይሁን። ነጭ ሆኖ የሚያበራው እንዳያማልልዎት፤ ነጭነቱ አልጌዎቹን የማጣቱ ምልክት ነው። የመዳሰሻዎቹ ጫፍ ክብ አለመሆኑ ግን በሽታ አይደለም፤ በጤነኛ እንስሳም ላይ ክቡ ይመጣል፣ ይጠፋል። በሌላ ሰው አኳሪየም ተከፍሎ የተገኘ አኔሞኒ ካገኙ ከባሕር ከመጣው ያስቀድሙት፤ የገንዳ ኑሮ ለምዷል።

ደረጃ 3፦ ቦታውን ያመቻቹ

ባብል ቲፕ አኔሞኒ እግሩን ስንጥቅ ውስጥ ሸሽጎ መዳሰሻዎቹን ወደ ብርሃን መዘርጋት ይወዳል። ጥልቅ ስንጥቅ ያለው ድንጋይ ያዘጋጁለት፤ ብቻውን ሊነሳ የሚችል ድንጋይ ቢሆን ኋላ ለማዛወር ይጠቅማል። ብርሃኑ ለኮራል የሚሆን ይሁን፤ ግን በዝቅተኛ ኃይል ጀምረው በ2 ወይም 3 ሳምንት ቀስ በቀስ ያሳድጉት። የውሃው ፍሰት መዳሰሻዎቹን የሚያወዛውዝ እንጂ የሚያጎብጥ አይሁን።

አኔሞኒ ቦታው ካልተስማማው ተነስቶ ይሄዳል። ስለዚህ እንስሳው ከመግባቱ በፊት የፓምፖቹን አፍ ሁሉ በስፖንጅ ወይም በወንፊት ይሸፍኑ። በፓምፕ ተስቦ የተቆራረጠ አኔሞኒ ራሱ መሞቱ ብቻ አይደለም፤ ውሃውን በክሎ ሌላውንም ሊገድል ይችላል። በመንገዱ የሚያገኘውን ኮራል ስለሚናደፍም በዙሪያው ባዶ ቦታ ይተዉለት።

ደረጃ 4፦ በልክ ይመግቡ

አኔሞኒ ከብርሃን ብቻ ሊኖር ይችላል፤ አድጎ እንዲከፈል ግን ሥጋ ያስፈልገዋል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በደቃቁ የተከተፈ ሽሪምፕ ወይም የባሕር ዓሣ ይስጡት። ጉርሻው ከአፉ አይብለጥ። በማግስቱ የሚተፋው ከሆነ አብዝተዋል ማለት ነው፤ መጠኑን ይቀንሱ።

ደረጃ 5፦ ሲከፈል እጅዎን ይሰብስቡ

መከፈል የጀመረ አኔሞኒ ያስፈራል፤ ይኮማተራል፣ የተቀደደ ይመስላል፣ የሆዱ ዕቃ ሊታይ ይችላል። በዚህ ጊዜ አይንኩት፤ ከድንጋዩም ለማላቀቅ አይሞክሩ። ብርሃኑንና ፍሰቱን እንደነበሩ ይተዉ። አሞኒያን በየቀኑ ይለኩ።

ከተለያዩ በኋላ የእያንዳንዱ ግማሽ ቁስል ይታጠፋል፤ አፉም በ1 ወይም 2 ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ክብ ይሆናል። እስከዚያ ምግብ አይስጡ። አፉ በደንብ ሲዘጋና መዳሰሻዎቹ ሲጣበቁ በትንሽ ጉርሻ ይጀምሩ። ክላውንፊሹ አዲሱን ቁስል እየገፋ ካስቸገረ ቀዳዳ ባለው መክደኛ ወይም በወንፊት ለጥቂት ቀን ይለዩት።

ደረጃ 6፦ ምክንያቱን ይለዩ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመለሱ። እንስሳው ከመከፈሉ በፊት ትልቅ፣ በቀለም የጎላና በአንድ ቦታ የረጋ ከነበረ፣ የውሃው ልኬትም ካልተለወጠ መከፈሉ የእድገት ነው። ከመከፈሉ በፊት ብዙ ውሃ ቀይረው፣ መብራት ለውጠው፣ ማሞቂያ ተበላሽቶ ወይም ጨዋማነቱ ተዛብቶ ከነበረ ግን ጭንቀት ነው። ከተከፈሉ በኋላ ሳያድጉ ደጋግመው የሚከፈሉ ትንንሽ አኔሞኒዎችም የጭንቀት ምልክት ናቸው። ያን ጊዜ የተዛባውን በዝግታ ያስተካክሉ፤ በአንድ ቀን ሁሉንም ለመመለስ መሞከር ሌላ ድንጋጤ ይፈጥራል።

ከግማሾቹ አንዱ አፉ ተከፍቶ ከቀረ፣ ሥጋው ከሟሟና ከሸተተ ሞቷል፤ ሳይውል ሳያድር ያውጡት።

አንዳንድ ነጋዴዎች አኔሞኒን በስለት በአፉ መሐል ሰንጥቀው ያራባሉ። ዘዴው ይሠራል፤ ነገር ግን ቁስሉ በባክቴሪያ ሊመረዝ ይችላል፤ የተለየ ማገገሚያ ገንዳም ይጠይቃል። ለቤት አርቢ አልመክርም። ተመችቶት ያደገ ባብል ቲፕ ያለ ስለት ይከፈላል።

ደረጃ 7፦ ማዛወር

አዲሱ አኔሞኒ ለሌላ ሰው የሚሰጠው አፉ ከዳነና መብላት ከጀመረ በኋላ ነው። ቀላሉ መንገድ ከነድንጋዩ ማንሳት ነው። ድንጋዩ ትልቅ ከሆነ የእግሩን ጠርዝ በጣት ወይም በለስላሳ የፕላስቲክ ካርድ በዝግታ ያላቅቁ፤ አይጎትቱ። እግሩ ከተቀደደ የመዳን ዕድሉ ይቀንሳል።

እንቁላል ወይም ስፐርም ቢለቀቅ

ውሃው በድንገት እንደ ጭስ ቢደፈርስና አኔሞኒው ቢኮማተር ስፐርም ወይም እንቁላል ለቆ ሊሆን ይችላል። በሽታ አይደለም። የፕሮቲን ማጣሪያውን ያብሩ፤ አክቲቭ ካርቦን ይጨምሩ፤ አሞኒያ ይለኩ፤ ከፍ ካለ ጥቂት ውሃ ይቀይሩ።

ካልተጋበዘው እንግዳ ይጠንቀቁ

ከድንጋይ ጋር ተደብቆ የሚገባው አይፕታሲያ የሚባለው ቡናማ ትንሽ አኔሞኒ የሚራባው በሌላ መንገድ ነው። ከእግሩ ቁራጭ ሥጋ ጥሎ ይሄዳል፤ ቁራጩም ሙሉ እንስሳ ይሆናል። ስለዚህ በቢላ ከፋቁት ያባዙታል። ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ይበላዋል፤ የካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሊጥ በመርፌ አፉ ላይ ማድረግም ይገድለዋል።

አኔሞኒ ረጅም ዕድሜ ያለው እንስሳ ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው ሰር ጆን ዳልየል እ.ኤ.አ. በ1828 ከስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ የወሰዱት ግራኒ የተባለ አኔሞኒ በማሰሮ ውሃ ውስጥ እስከ 1887 ኖሯል፤ ዝርያው ልጆቹን በሆዱ ይዞ የሚወልድ በመሆኑም በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች አፍርቷል። ባሕር ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ አኔሞኒ ሲነቀል በላዩ የነበሩት ክላውንፊሾች መጠለያቸውን ያጣሉ። ስለዚህ አኔሞኒዎ ሲከፈል ትርፉን በከተማዎ ለሚያውቁት አርቢ ይስጡ ወይም ይለዋወጡ፤ እርስዎም ከባሕር የተነቀለውን ትተው በቤት የተራባውን ይግዙ።