የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ ስለ ፈጠራ ጽሑፍ

በዛሬው የትምህርት አምዳችን ስለ ፈጠራ ጽሑፍ እንማማራለን።

የፈጠራ ጽሑፍ ማለት ያየነውን፣ የሰማነውንና ያሰብነውን በራሳችን ቃል አዲስ አድርገን የምንጽፈው ነው። ግጥም፣ አጭር ልብ ወለድ፣ ጭውውትና ተውኔት የፈጠራ ጽሑፍ ናቸው።

«ይሄማ የትልልቅ ሰዎች ሥራ ነው» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ግን አይደለም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅን በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ በተባለ ቦታ ተወለዱ። አምቦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ተውኔት ጻፉ፤ ተውኔቱም አፄ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታየ። ያ ልጅ ነው አድጎ የሼክስፒርን ኦቴሎና ሐምሌት ወደ አማርኛ የመለሰው። እንደኛው ደብተር ይዞ የሚማር ልጅ ነበር ማለት ነው።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣ ደግሞ አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት እዚሁ ጎረቤታችን ፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ ነው። በቀልዳቸው ሁሉም ያውቃቸዋል፤ የቅኔ ሊቅ መሆናቸውን ግን ብዙዎቻችን እንረሳለን። ቅኔ ቤት ጀማሪው ተማሪ የሚነሳው ጉባኤ ቃና ከሚባለው፣ 2 መስመር ብቻ ካለው ቅኔ ነው። ከዚያ እያሳደገ ይሄዳል። ሁልጊዜ አዲስ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፤ የጓደኛን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው።

እኔ ግን ቀድቻለሁ። ባለፈው ዓመት ለሰልፍ ግጥም አምጡ ሲባል ከአንድ አሮጌ መጽሔት ገልብጬ በስሜ አነበብኩ። ተማሪው ሁሉ አጨበጨበ። ከሰልፍ በኋላ የአማርኛ መምህራችን ጠርተውኝ «ሦስተኛው ስንኝ ላይ ምን ማለትህ ነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። አልተቆጡኝም። «በል ለነገ 2 ስንኝ ብቻ፣ ግን የራስህን» አሉኝ።

ማታ ስለ ጨረቃ ልጻፍ ብል አልሆን አለኝ። በኋላ ክረምት አክስቴ ዘንድ ፎገራ ሩዝ ሳርም እግሬን አልቅት የያዘኝ ትዝ አለኝና ስለሱ ጻፍኩ። ቤቱ በደንብ አልመታም ነበር። ክፍል ውስጥ ሳነበው ግን ልጆቹ ሳቁ፤ ሩዝ አርመው የሚያውቁት ደግሞ «እውነቱን ነው!» አሉ። የሰልፉ ጭብጨባ እንደዚያ አላስደሰተኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጻፍ እወዳለሁ።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ያ ሰልፍ ላይ ያነበብኩት ግጥም የኔ አልነበረም። መጽሔቱ ላይ የገጣሚው ስም ነበረ፤ የተውኩት እኔ ነኝ። ያጨበጨባችሁልኝን ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስንጽፍ የሚከተሉትን እናስታውስ፦

1. ከምናውቀው እንጀምር። እርሻው፣ ገበያው፣ የትምህርት ቤት መንገዱ ሁሉ ርዕስ ነው።

2. በዓይን፣ በጆሮ፣ በአፍንጫ፣ በምላስና በቆዳ የተሰማንን እንጻፍ። «የአንበሳሜ ገበያ ደመቀ» ብቻ ከምንል ምን ሸተተን? ማን ምን ብሎ ተጣራ?

3. መጀመሪያ እስከ መጨረሻው እንጻፍ፣ ከዚያ እናርም። ገና በመጀመሪያው መስመር ሥርዝ ድልዝ የሚያበዛ አይጨርስም።

4. ጮክ ብለን እናንብበው። ስንኙ ቤት መምታቱን ጆሮ ቶሎ ያውቃል።

5. የሰው ሥራ ካነበብን የባለቤቱን ስም እንጥራ።

የዚህ ሳምንት ሥራ፦ ዛሬ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ስትመጡ ያያችሁትን አንድ ነገር በ2 ስንኝ ወይም በ5 ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ለክበባችን አባላት ስጡ። ቤት ባይመታም ግድ የለም፤ የራሳችሁ ይሁን እንጂ።

ቸር እንሰንብት!