ሻሸመኔና ጅማ፦ ቅርስ በንግድና በማኅበር እንዴት ይጠበቃል?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶች። በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን አንድ የ6ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ «ሻሸመኔ ያሉት ጃማይካውያን የእኛ ናቸው ወይስ እንግዶች?» ብሎ ጠየቀን። እርስ በርስ ተያየንና «በኋላ እንነግርሃለን» አልነው። ጊንጆ ጉዱሩ ወዳለው ማደሪያችን የተመለስነው አፍረን ነው። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ የዚያ ልጅ ዕዳ መክፈያ ነው።

፩. የጉዳዩ ሥር

በባርነት ተሸጠው ወደ ካሪቢያንና ወደ አሜሪካ የተጋዙት አፍሪካውያን ስማቸውንና ቋንቋቸውን ተነጥቀዋል። ዜማቸውን፣ ምግባቸውንና የአገር ናፍቆታቸውን ግን ለልጅ ልጆቻቸው አወረሱ። ታዲያ ቅርስ በናፍቆት ብቻ ይኖራል ወይ? አይኖርም። ቅርሱን የሚጠብቀው ሰው መብላት፣ ልጁን ማስተማርና ቤት መሥራት አለበት። ስለዚህ የቅርስ ጉዳይ የኑሮና የንግድም ጉዳይ ነው።

፪. ብላክ ስታር ላይን

ጃማይካዊው ማርከስ ጋርቬይ እ.ኤ.አ. በ1919 «ብላክ ስታር ላይን» የተባለ የመርከብ ኩባንያ አቋቋመ። አንዱ አክሲዮን 5 ዶላር ብቻ ስለነበረ ገረዱም፣ የቀን ሠራተኛውም ገዛ። ዓላማው ጥቁሮችን በራሳቸው መርከብ ከአፍሪካ ጋር ማገናኘት ነበር። ነገር ግን መርከቦቹ ያረጁ ሆነው በውድ ዋጋ ተገዙ፤ አስተዳደሩም ደካማ ሆነ። በ1922 ሥራው ቆመ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ጥሩ ዓላማ የሒሳብ መዝገብን አይተካም።

፫. ሻሸመኔ

ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ የዓለም ጥቁሮች ከጎናችን ቆሙ። ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1937 በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። ለዚህ ድጋፍ ምስጋና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 ሻሸመኔ አጠገብ 5 ጋሻ፣ ማለት 200 ሄክታር ያህል መሬት ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች ብዙ ራስተፈሪያን መጥተው ሰፈሩ። ሰፈሩም ጃማይካ ሰፈር ተባለ።

ኑሮው ግን ቀላል አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ አብዛኛውን ይዞታቸውን አጡ። ለብዙ ዓመታትም የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ነበሩ፤ መንግሥት መታወቂያ እንዲሰጣቸው የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እንዲህም ሆኖ አልተበተኑም። እንግዳ ማረፊያ፣ ምግብ ቤትና የእጅ ሥራ ሱቅ ከፈቱ። በማኅበራቸውም ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ የአካባቢው ልጆችም ይማሩበታል። ዜማቸውና ሥርዓታቸው የቆየው ይኸው ሥራቸው ስለደገፈው ነው።

፬. ወደ ጅማ ስንመለስ

«ይህ እኛን ምን አገባን?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ያገባናል! በ19ኛው መቶ ዘመን በሂርማታ ገበያ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይሸጥ ነበር፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን ለተማሪ መደበቅ የለብንም። የቡናም ዘር ከእኛ ደን ወጥቶ በየመን በኩል፣ በኋላም በአውሮፓውያን እጅ ካሪቢያን ደረሰ። በ1780ዎቹ የዛሬዋ ሃይቲ የዓለምን ቡና ግማሽ ያህል ታመርት ነበር፤ ለቃሚዎቹም በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። እኛ በየቀኑ የምንጠጣው ቡና እኮ የእነሱንም ላብ ያውቃል!

ዛሬስ? በአጋሮ አጠገብ፣ በጎማ ወረዳ፣ ገበሬዎች ቀድሞ ቡናቸውን በጀንፈል በርካሽ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ዱሮሚና የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው የእሸት ቡና ማጠቢያ ተከሉ። በ2012 ቡናቸው በአፍሪካ ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉ ያው ነው፣ መሬቱም ያው ነው፤ የተለወጠው አሠራሩና አንድነቱ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት ይህ ነው። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጠራቢዎችም በማኅበር ቢሠሩና ዋጋቸውን ራሳቸው ቢወስኑ ልጆቻቸው ሙያውን አይተዉትም ነበር እንላለን።

፭. ለዚያ ልጅ የምንሰጠው መልስ

የአብዛኞቹ ጃማይካውያን ቅድመ አያቶች የተወሰዱት ከምዕራብ አፍሪካ እንጂ ከእኛ መንደር አይደለም። ሆኖም ኢትዮጵያን አገራችን ብለው መርጠው መጥተዋል፤ መሬት ሲያጡም አልሄዱም። ስለዚህ፣ ወንድማችን፣ ዘመዶቻችን ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ክፍሉ ድረስ ሄደን ይህንኑ እንነግረዋለን።

የመወያያ ጥያቄዎች
ሀ) ብላክ ስታር ላይንና ዱሮሚና በምን ይመሳሰላሉ፣ በምንስ ይለያያሉ?
ለ) በምታስተምሩበት አካባቢ እየጠፋ ያለ ሙያ የትኛው ነው? ባለሙያው ከምን ይኖራል?
ሐ) ስለ ሂርማታ የባሪያ ንግድ ለ6ኛ ክፍል ተማሪ እንዴት ታስተምራላችሁ?

መልሳችሁን ጽፋችሁ ከዚህ ሰሌዳ አጠገብ ለጥፉልን። መምህራኖቻችንም ስሕተት ካገኛችሁብን አርሙን።