ርብቃን ጠየቋት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የጥር ሠርግ አልፎ ጾሙ ገብቷል፤ ድንኳኑም ተነሥቷል። እስቲ በጸጥታ እንጠያየቅ፦ ያቺ ሙሽራ ተጠይቃ ነበር ወይ?

የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ፍለጋ ሄዶ ቤተሰቡ እሺ ቢለውም፣ ርብቃን ራሷን ጠርተው ፈቃዷን ከአፏ ሰሙ (ዘፍ. 24)። እኛ ግን ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ገጠር ስንቷን ሳንጠይቅ ድረናል!

እኔም በደለኛ ነኝ። በአንድ ሠርግ ዘምሬ፣ በልቼ ጠጥቼ ተመለስኩ። ሙሽራይቱ የ6ኛ ክፍል ተማሪ መሆኗን በማግሥቱ ሰማሁ፤ ሰምቼም ዝም አልኩ። ይህን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ለእናንተ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ያዛል። የ1992ቱ የፌዴራል ቤተሰብ ሕግም ሆነ የ1995ቱ የአማራ ክልል ሕግ ዕድሜውን ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርገዋል። ጋብቻን ከሚያፈርሱ ምክንያቶች መካከል እነዚህ ይገኛሉ፦ ዕድሜ አለመድረስ፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና፣ በትዳር ላይ ትዳር፣ በኃይል የተገኘ ፈቃድ፣ መሠረታዊ ስሕተት። ይህ ከፍቺ ይለያል። ፍቺ በደንብ የቆመ ትዳር ሲለያይ ነው፤ ይኼኛው ግን ከመነሻው ጉድለት ያለበት ነው።

ልብ በሉ፣ ጊዜ አለው። በፌዴራሉ ሕግ ልጅቱ 18 ከሞላት በኋላ በዕድሜ ምክንያት ይፍረስ ማለት አይቻልም። በኃይል የተዳረች ደግሞ ኃይሉ ከቀረ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ከጋብቻው በ2 ዓመት ውስጥ ታመልክታለች። ለሕፃኗ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ወይም ዐቃቤ ሕግ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ታዲያ «አቅም የለኝም» አይባልም።

«ቃል ገብተናል፣ ጥሎሽ ተቀብለናል» ትሉ ይሆናል። ሄሮድስም ስለ መሐላው ብሎ የዮሐንስን አንገት አስቆረጠ፤ ክፉ ቃል መጠበቅ ጽድቅ አይደለም። «የተጣመረ አይለያይም» ብትሉም፣ ልጅን ያለ ፈቃዷ ያጣመረው ጉልበት ነው እንጂ እግዚአብሔር አይደለም።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደው ጾም የታሰረን መፍታት መሆኑን ያስተምራል። ሥጋና ቅቤ ትተን ልጅ ብናስር ምን ጾምን? እናንት አባቶች፣ ከሽማግሌው በፊት ልጃችሁን ጠይቁ። እምቢ ካለችም እምቢታዋን አክብሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።