ስለ ገበያ ስሞታና ስለ ሻጭ ትዕግሥት

መሸጥና መግዛት ሰው ከሰው ጋር ተረዳድቶ የሚኖርበት አንዱ መንገድ ነው። አንዱ የሌለውን ከሌላው ያገኛል፤ ሌላውም በድካሙ ዋጋ ቤቱን ያስተዳድራል። ነገር ግን ዕቃና ገንዘብ በሚለዋወጡበት ስፍራ ሁሉ ስሞታ አይጠፋም። ሲራክም በመጽሐፉ ኃጢአት በመሸጥና በመግዛት መካከል በቀላሉ እንደሚገባ ያስተማረው ይህን አይቶ ነው። ስለዚህ በሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ያለ አግባብ የሚነቅፈውን ገዢ እንዴት ሊያስተናግደው እንደሚገባ በጥቂቱ እንመለከታለን።

ምሳሌውን ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገንም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑባት ከእንጦጦ ማርያም ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርድ ሰው በጉለሌ የሽሮ ሜዳን ገበያ ያገኛል። በዚያም የሸማኔ እጅ የሠራው ነጠላ፣ ጋቢና ቀሚስ በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ ይታያል። በዓል ወይም የሠርግ ወራት ሲቃረብ ገዢው ይበዛል፤ ገዢው ሲበዛም ስሞታው ይበዛል። ይህንንም ስሞታ ብዙ ጊዜ የምትቀበለው የሱቁ ባለቤት ሳትሆን በወር ደመወዝ የቆመች ወጣት ናት።

አሁን አንዲት ሴት ከዚህ ገበያ ቀሚስ ገዝታ ሄደች እንበል። በሳምንቱ ተመልሳ «ጥለቱ የመረጥሁት አይደለም፤ ገንዘቤን መልሺ» ትላለች። ቀሚሱ ሲገለጥ ግን ወጥ ነክቶታል፤ ጫፉም አፈር ይዟል። ተለብሶ እንደ ዋለ ያስታውቃል። ሠራተኛዪቱ ይህን ብታመለክት ገዢዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሌቦች ናችሁ» ትላለች፤ መንገደኛውም ይሰበሰባል። በዚህ ጊዜ ምን ማድረግ ይገባል?

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ስሞታ ሁሉ ከንቱ አለመሆኑ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ወገኖች መበለቶቻቸው በዕለቱ እደላ ስለ ተዘነጉባቸው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ግን ስላጉረመረሙ አልተቈጧቸውም፤ ጉድለቱን ተቀብለው 7 ሰዎች ለአገልግሎቱ እንዲመረጡ አደረጉ እንጂ። የአገራችንም ሕግ እንዲሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለዕቃው ጉድለት ዋስ አድርጎታል፤ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን እንዲያስታውቅ አዝዟል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ነጋዴውም በትሕትናና በአክብሮት እንዲቀበለው ደንግጓል። እንግዲህ ቀለሙ የለቀቀ ወይም ስፌቱ የተተረተረ ልብስ ይዞ የመጣውን ሰው ከአታላይ ጋር መቍጠር ራሱ ግፍ ነው። ስለዚህ ሠራተኛ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሳይሰማና ዕቃውን ሳያገላብጥ አይመልስ።

ተመርምሮ ስሞታው ከእውነት የራቀ ሆኖ ሲገኝስ? ለዚህ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ስለ ወይኑ አትክልት ባለቤት የተናገረው ምሳሌ መምህራችን ይሁን። ምሳሌው ስለ መንግሥተ ሰማያት የተነገረ ቢሆንም ለዕለት ኑሮ የሚሆን ጥበብ አለበት። ከማለዳ ጀምረው የሠሩት በአንድ ዲናር ተስማምተው ሳለ፣ በመጨረሻው ሰዓት የመጡት እኩል ሲከፈላቸው አይተው አጉረመረሙ። የባለቤቱን መልስ እናስተውል። አንደኛ፣ ለጩኸቱ ሁሉ ሳይሆን ከእነርሱ ለአንዱ መለሰ። ሁለተኛ፣ ወዳጄ ብሎ ጠራው እንጂ አልሰደበውም። ሦስተኛ፣ የተስማሙበትን ውል አስታወሰው። አራተኛ፣ የሚገባውን ሰጥቶ አሰናበተው፤ ስለ ጩኸቱ ግን ምንም አልጨመረለትም።

የሱቋም ሠራተኛ እንደዚሁ ልታደርግ ትችላለች። ከተሰበሰበው ሰው ጋር ሳትከራከር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እናቴ፣ ይህን ጥለት ሲገዙ እርስዎ ራስዎ መርጠውታል፤ ደረሰኙም ይኸው። የተለበሰ ልብስ ግን አንመልስም። ስፌቱ ተተርትሮ ቢሆን ኖሮ እናሰፋልዎ ነበር» ብትል፣ ክብርን ሰጠች፤ እውነትንም አልሸጠችም። ስድቡ ቢቀጥል ነገሩን ለባለቤቱ ታስተላልፍ እንጂ ስድብን በስድብ አትመልስ። ትዕግሥት ማለት ያልበደሉትን በደልሁ ማለት አይደለምና።

በዚህ ዘመን «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል አባባል ይሰማል። ገዢን ለማክበር ከተባለ መልካም ነው። ነገር ግን በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 17 ንጉሥ ራሱ ሕጉን ጽፎ ይዞ ዘወትር እንዲያነብ፣ ልቡም በወንድሞቹ ላይ እንዳይታበይ ታዟል። ንጉሥ ከሕግ በታች ከሆነ፣ ንጉሥ የተባለውማ ገዢ እንዴት ከሕግ በላይ ይሆናል?

የሱቅ ባለቤትም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሠራተኛን የሚያስጨንቀው ከገዢው ቍጣ ይልቅ ማታ ከባለቤቱ የሚጠብቀው ነው። ገዢ እንዳይቀየም ብሎ ገንዘቡን መልሶ ከሠራተኛዪቱ ደመወዝ የሚቈርጥ ባለቤት፣ በሌላ ሰው ገንዘብ ቸር መስሎ ታየ እንጂ ቸር አልሆነም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ከደመወዝ መቍረጥን ከልክሏል፤ የሚቈረጠውም ከወር ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ስለዚህ ባለቤት ምን እንደሚለወጥ፣ ምን እንደማይለወጥ በግልጽ ጽፎ በሱቁ ይስቀል፤ ጠብ ሲነሣም ወጥቶ ራሱ ይቁም።

በመጨረሻም ነገሩ ወደ እኛ ወደ ገዢዎች ይመለሳል። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 20 ዕቃውን ሲገዛ የሚያጣጥል፣ ይዞ ከሄደ በኋላ ግን በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚመካ ሰው ተነቅፏል። ዋጋ መከራከር ነውር አይደለም፤ በሐሰት ማጣጣል ግን ነውር ነው። በየወሩ በ21 ቀን ነጠላችንን አጣፍተን ወደ እንጦጦ ማርያም ስንወጣ፣ ያንን ነጠላ የሸጠችልንን ልጅ እንዴት እንደ ተናገርናት እናስብ። እርስዋም የእናትና የአባት ልጅ ናት፤ በዕለት እንጀራዋም ላይ ቆማለች። እውነተኛ ስሞታ ካለን በለሰለሰ አንደበት እንንገራት፤ ከሌለን ግን ዝም እንበል።