ምዕራፍ 6፦ ማሽኑ ስንት ይቆርጣል?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አራት ሰዎች ገብተው ክትፎና በየዓይነቱ በሉ እንበል። ምግቡ 100 ዶላር ሆነ። የከተማው የምግብ ቤት ታክስ ከመቶ 10 ስለሆነ ሂሳቡ 110 ደረሰ። ለአስተናጋጇ 20 ዶላር ቲፕ ጨመሩና 130 ዶላር በካርድ ከፈሉ። ማሽኑ ከመቶ 3 የሚቆርጥ ከሆነ የሚቆርጠው ከ130ው ላይ ነው፤ 3 ዶላር ከ90 ሳንቲም። ከ130ው ውስጥ ግን አሥሩ ዶላር የከተማው፣ ሃያው የልጅቷ ነው፤ የእርስዎ 100 ብቻ። ስለዚህ ከእርስዎ ሽያጭ የሄደው ከመቶ 3 ሳይሆን 3.9 ነው። "ሦስት ፐርሰንት ነው የምከፍለው" የሚሉ ብዙ ባለሬስቶራንቶች ይህን አስልተው አያውቁም።

በቲፑ ላይ የተቆረጠውን ከአስተናጋጁ መቀነስ ይቻላል ወይ? የፌዴራሉ ሕግ ከተቆረጠው እስካልበለጠ ድረስ ይፈቅዳል፤ ካሊፎርኒያን የመሰሉ ግዛቶች ግን ይከለክላሉ። በተፈቀደበትም ቢሆን እኔ አልመክርም። ከ20 ዶላር ቲፕ የሚቀንሱት 60 ሳንቲም ነው፤ ጥሩ አስተናጋጅ አስኮርፎ ለመስደድ ግን በቂ ነው።

የሚቆረጠው ገንዘብ ወደ ሦስት ኪስ ይገባል። ትልቁን የሚወስደው ለደንበኛው ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው፤ ይህ ድርሻ ኢንተርቼንጅ ይባላል። ደንበኛዎ በካርዱ የሚያጠራቅመው የአውሮፕላን ማይል በአብዛኛው ከዚህ የሚወጣ ነው፤ ካርዱ ጥቅማ ጥቅም በበዛበት ቁጥር የእርስዎም ክፍያ ይጨምራል። ሁለተኛው ለቪዛ ወይም ለማስተርካርድ የሚሄድ ሲሆን ከመቶ 0.14 ገደማ የሆነ ትንሽ ነገር ነው። ሦስተኛው ገንዘቡን ወደ ባንክዎ የሚያስተላልፈው ፕሮሰሰር ለራሱ የሚጨምረው ነው።

ድርድር ያለው በዚህ በሦስተኛው ላይ ብቻ ነው። የሁለቱ ታሪፍ ወጥቶ የተቀመጠ ስለሆነ ለአንድ ምግብ ቤት ብሎ የሚቀንሰው የለም። ከምሳ በኋላ ቤቱ ጭር ሲል መጥቶ "ኢንተርቼንጁን እናወርድልዎታለን" የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ቡና ጋብዘው ይሸኙት። "እኛ ጋ ከመቶ 1.69 ብቻ ነው" ካለም ለየትኛው ካርድ እንደሆነ ይጠይቁት። ካርዶችን በደረጃ ከፍሎ የሚያስከፍል ፕሮሰሰር የሚያስተዋውቀው የዝቅተኛውን ደረጃ ዋጋ ነው። ደንበኞችዎ የሚይዟቸው ባለማይል ካርዶች ግን የሚወድቁት ውድ የሆነው ደረጃ ላይ ነው።

ብዙ አዲስ ቤቶች የሚጀምሩት በአንድ ወጥ ዋጋ ነው፤ ለምሳሌ ከመቶ 2.6 እና በእያንዳንዱ ክፍያ 10 ሳንቲም። ለመረዳት ይቀላል፤ ሽያጩ ትንሽ ለሆነ ቤትም አይከፋም። ችግሩ ዴቢት ካርድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ፣ የደርቢን ማሻሻያ የሚባለው ክፍሉ፣ 10 ቢሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ሀብት ያላቸው ባንኮች በዴቢት ካርድ የሚወስዱትን ገድቧል። ከ2011 ጀምሮ ጣሪያው 21 ሳንቲም ሲደመር ከመቶ 0.05 ነው፤ ለማጭበርበር መከላከያ ደግሞ 1 ሳንቲም ይጨመራል። የ60 ዶላር እራት በእንዲህ ያለ ባንክ ዴቢት ሲከፈል ባንኩ የሚወስደው 25 ሳንቲም ነው። ወጥ ዋጋ የሚያስከፍለው ፕሮሰሰር ግን ከእርስዎ 1 ዶላር ከ66 ይወስዳል። ልዩነቱ ለማን ቀረ? ሽያጭዎ ከፍ ካለ "ኢንተርቼንጅ ፕላስ" የሚባለውን አከፋፈል ይጠይቁ። በዚህ አከፋፈል የባንኩና የቪዛው ዋጋ እንዳለ ይተላለፋል፤ የፕሮሰሰሩ ጭማሪ ደግሞ ለብቻው ተጽፎ ይታያል።

ቡና ላይ የሚጎዳው ፐርሰንቱ ሳይሆን ሳንቲሙ ነው። በዚሁ ወጥ ዋጋ የ4 ዶላር ማኪያቶ 20 ሳንቲም ይቆረጥበታል፤ ከመቶ 5 ማለት ነው። ሕጉ በክሬዲት ካርድ ለሚከፍል ሰው እስከ 10 ዶላር የሚደርስ ዝቅተኛ ሂሳብ እንዲወስኑ ይፈቅድልዎታል። በዴቢት ላይ ግን አይቻልም።

አሁን የወሩን ስቴትመንት ያውጡ። ፕሮሰሰሩ ያስከፈለውን ሁሉ ደምረው በካርድ በገባው ጠቅላላ ሽያጭ ያካፍሉ። በ40,000 ዶላር ሽያጭ 1,480 ዶላር ከተቆረጠ ትክክለኛው ዋጋዎ ከመቶ 3.7 ነው፤ ሻጩ የነገረዎት ምንም ይሁን ምን። ከዚያ ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ይሂዱ፤ ነገር የሚደበቀው እዚያ ነው። ፒሲአይ የሚል ወርኃዊ ቅጣት ካዩ በየዓመቱ የሚሞላው የካርድ ደኅንነት መጠይቅ አልተሞላም ማለት ነው። ከሰዓት ቁጭ ብለው ቢሞሉት ቅጣቱ ይቆማል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የማሽን ኪራይ ነው። በወር 60 ዶላር ቀላል ይመስላል፤ በ48 ወር 2,880 ዶላር ነው፤ ማሽኑ ቢገዛ የጥቂት መቶ ዶላር ዕቃ ነው። ኪራዩ ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ውል የተለየ፣ ከሌላ ድርጅት ጋር የሚፈረም፣ የማይሰረዝ ውል ነው። ፕሮሰሰር ቢቀይሩም፣ ማሽኑን ቢመልሱም፣ ቤቱን ቢዘጉም ሊቀጥል ይችላል፤ በግልዎ ዋስ ሆነው ከፈረሙ ደግሞ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ሻጩ ያገር ልጅ ሊሆን ይችላል፤ በአማርኛ ያስረዳዎታል፤ ውሉ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሳያስነብቡ አይፈርሙ።

በየቀኑ የሚደረግም አለ። ቲፑን አስገብተው የዕለቱን ሽያጭ ማታውኑ ይዝጉ፤ የዘገየ ክፍያ ወደ ውድ ዋጋ ሊወርድ ይችላል። በስልክ ለሚያዝ ሰው የካርዱን ቁጥር ተቀብሎ በእጅ ማስገባት ከማስነካት የበለጠ ያስከፍላል፤ ደንበኛው ክዶ ገንዘቡን ቢያስመልስም መከራከሪያዎ ደካማ ነው። የሚያውቁት ሰው ከሆነ ሲወስድ ይክፈል።

ወጪውን ወደ ደንበኛው ማዞር፣ ማለትም ሰርቻርጅ መጣል፣ አሁን ተለምዷል። ቪዛ ከመቶ 3 በላይ አይፈቅድም፤ ከሚከፍሉትም መብለጥ የለበትም። በሩ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ደረሰኙ ላይም ለብቻው ይጻፋል። ኮነቲከትና ማሳቹሴትስ ጨርሶ ይከለክላሉ። እኔ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል መቀነሱን እመርጣለሁ፤ ለደንበኛም ጆሮ ይለሰልሳል፤ የፌዴራሉ ሕግም ይፈቅደዋል። ሰርቻርጅ እጥላለሁ ካሉ ግን አንድ ነገር አስቀድመው ይፈትሹ፦ የራስዎን ዴቢት ካርድ ማሽኑ ላይ ያስነኩ። በዴቢት ላይ ሰርቻርጅ ክልክል ነው፤ እንደ ክሬዲት ቢሠራም እንኳ። ማሽኑ ሁለቱን ካልለየ ፕሮሰሰሩ መጥቶ እስኪያስተካክለው አይጀምሩ።