ስለ ሐረር ስፌትና ስለ ቤተ ሰብ መታሰቢያ



የቤተ ሰብ ታሪክ የሚጠበቀው በብራናና በወረቀት ብቻ አይደለም። ፊደል ያልቈጠሩ እናቶችም የዘመናቸውን ነገር በእጃቸው ሥራ ለልጅ ልጅ አስተላልፈዋል። ለዚህም ምሳሌ የሚሆነን የሐረር ስፌት ነው።

ሐረር ጀጎል በተባለው ግንብ የተከበበች ጥንታዊት ከተማ ናት። ግንቡን በ16ኛው ምእተ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ከተማዪቱም በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። በጥንቱ የሐረሪ ቤት ውስጥ «ጊዲር ጋር» የሚባል ታላቅ ክፍል አለ። በክፍሉም «ነደባ» የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ተሠርተዋል፤ በግድግዳው ላይ ስፌቶች በረድፍ ተሰቅለዋል። እንግዳ ሰው ሲያያቸው ጌጥ ብቻ ይመስሉታል። የቤቱ እመቤት ግን እያንዳንዱ በማን እጅ እንደ ተሰፋና ለማን ሠርግ እንደ ተዘጋጀ ታውቃለች። «ሐማት ሞት» የሚባለው ሙሽራዪቱ ለባልዋ እናት የምታበረክተው ነው፤ በሐረሪ ቋንቋ «ሞት» ማለት የተሰፋ ሳሕን ነውና፥ አንባቢ በአማርኛው ቃል እንዳይሳሳት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሣሩ በውኃ ርሶ ይለሰልሳል። ሰፊዋም ከመካከል ጀምራ በወስፌ እየበሳች ዙሩን ከዙር ጋር ታያይዘዋለች። ጌጡ በቍጥር የሚሄድ ስለ ሆነ፥ በአንዱ ዙር ቍጥሩ የተሳተ እንደ ሆነ እስከ ዳር ድረስ መልኩ ይጣመማል። ስለዚህ ልጅቱ በእናትዋ ወይም በጎረቤት ባለሙያ አጠገብ ተቀምጣ ቍጥርንና ትዕግሥትን አንድነት ትማራለች።

ይህ ልማድ በሌላ አገርም አለ። በአሜሪካ፥ በአላባማ ግዛት፥ በጂስ ቤንድ መንደር ያሉ ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ ልብስ ቍራጭ የብርድ ልብስ በመስፋት የታወቁ ናቸው። ከእነርሱ አንዲቱ ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 እ.ኤ.አ. ባልዋ ቢሞትባት፥ መታሰቢያው ይሆናት ዘንድ የሥራ ልብሱን ቈራርጣ የብርድ ልብስ ሰፋች። ይህንም ዛሬ የምናውቀው ልጅዋ ታሪኩን ስለ ተናገረች ነው።

እንግዲህ የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፤ ዕቃው ያለ ቃል አይናገርም። ችግር በመጣ ጊዜ ስፌቱ ለነጋዴ ይሸጣል፤ በገዢው ቤት መልኩ ሳይለወጥ ይቈያል፥ የሰፊዋ ስም ግን ይጠፋል። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በሐረር ያቋቋሙት ሙዚየም ብዙ ቅርስ ሰብስቦ ቢያኖርም፥ የየቤቱን ታሪክ ሁሉ አንድ ሙዚየም ሊያውቀው አይቻለውም። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለ፥ የሚያውቁት አሮጊቶች ሳያልፉ መጻፍ ይገባል።

በየመንደሩ መሶብ ወይም ጋቢ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ ተማሪው ከቤቱ አንድ ዕቃ መርጦ አያቱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፤

1ኛ. ይህን የሠራው ማን ነው?
2ኛ. መቼና ለምን ጉዳይ ተሠራ?
3ኛ. የጌጡ ስም ምን ይባላል?
4ኛ. በእነማን እጅ አልፎ ወደዚህ ቤት ደረሰ?

መልሱንም በሁለት ቅጅ ጽፎ አንዱን ለቤተ ሰቡ ይስጥ፥ ሁለተኛውን በትምህርት ቤቱ ያኑር። ሽማግሎችም የማያውቁት ነገር ቢኖር «አይታወቅም» ብለው ያጽፉ፤ በግምት የተሞላ ታሪክ ከተረሳ ታሪክ ይከፋልና።